ከአጎበሩ ውጭ ያደርን

ባለፈው ሳምንት አቶ ተክሌ ሰው ላከብኝ። አቶ ተክሌ አራዳ ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ አገር ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች በቅሎና ሰው፣ ድንኳንና ስንቅ የሚያሰናዳ ሰው ነው። አሁን በቅሎዎቹን ሸጦ አውቶሞቢል ገዝቷል። የላከው ሰው ደጄ ላይ ቆሞ፣ «እመት የሺ፣ እርስዎ ብዙ ዘመን ከእንግዶች ጋር አገሩን ዞረዋል። እንግዶቻችን ከበሽታና ከአውሬ ተጠብቀው በሰላም እንዲመለሱ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይንገሩን፤ አስጽፈን እንሰጣቸዋለን» አለኝ።

«እንግዶቻችን» ሲል ደሜ ፈላ። በሩን ዘጋሁበት።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ምክር ከሆነ የፈለጉት፣ ምክር ሞልቶኛል። ግን ምክሩን ከሰዎቹ ነጥዬ አልሰጥም። አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ራሴ እጽፈዋለሁ። አቶ ተክሌን ፊት ለፊት ሳገኘው እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ላይ ግን አልለውም።

ወደ መንገድ ሥራ የገባሁት ባሌ በኅዳር በሽታ ከሞተ በኋላ ነው። አራዳ ገበያ ተቀምጬ ለመንገደኛ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ቋንጣ እሸጥ ነበር። ከደንበኞቼ አንዱ ጋሽ ያሲን ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጥምጥም የማይለያቸው፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው አጭር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአራዳ ጅማና ከፋ ድረስ ሲነግዱ ኖረው፣ ባቡሩ አዲስ አበባ ገብቶ አገር ሊያይ የሚመጣ ፈረንጅ ሲበዛ፣ አቶ ተክሌ የጉዞ አለቃ አድርጎ ቀጠራቸው። አንድ ቀን በሶዬን በእጃቸው እያሹ፣ «አሸዋ የለበትም። መንገድ ትወጫለሽ?» አሉኝ።

«ሴት ልጅ ከበቅሎ ጫኞች ጋር ምን ትሠራለች?» አልኳቸው።

«ሰው እንዳይሞት ታደርጋለች» አሉ።

እኔ ምግብ ስለ መሥራት ያሉ መስሎኝ ነበር። ሥራው ምግብ ብቻ አልነበረም። ጫኞቹ ግማሾቹ ክርስቲያን፣ ግማሾቹ እስላም ናቸው፤ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ማማሰያ ይዤ ነው የምወጣው። ፈረንጁ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ለእሱ የሚሆነው ውኃ ሳይፈላ አይቀርብም። ጋሽ ያሲን ግን ለፈረንጁ ብቻ አፍልቼ ለጫኞቹ ከወንዝ የቀዳሁ ጊዜ፣ እንስራውን አንስተው መሬት ላይ ደፉት። «ሆድ አንድ ነው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሁሉም አፈላሁ። እንጨት የሚለቅሙት ጫኞች ቢያጉረመርሙም፣ ተቅማጥ ይዞት መንገድ ላይ የወደቀብን ሰው አልነበረም።

የጋሽ ያሲንን ልማድ ልጻፈው፤ አሁን በአውቶሞቢል የሚነዱት አያውቁትም። ከማንም በፊት ይነሱና የበቅሎዎቹን ጀርባ በባዶ መዳፋቸው ይዳስሳሉ። የሞቀ ቦታ ካገኙ ያቺ በቅሎ ያን ቀን አትጫንም። የግራና የቀኙን ሸክም በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ይመዝኑታል። ሰፈር ስንደርስ ድንኳን አይተከልም፣ ገመድም አይፈታም። መጀመሪያ የአገሩን ሽማግሌ ፈልገው ሰላም ይላሉ፤ «መሬታችሁ ላይ እንድናድር ትፈቅዳላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ስንት ፈረንጅ በዚህ ተናዷል። ጠመንጃ ይዘን ምን እንለምናለን የሚልም ነበር። ሳንጠይቅ ያደርንበት ቀን ስላልነበረ፣ ሌሊት ድንጋይ የተወረወረብን ቀንም አልነበረም።

ሁለተኛው ልማዳቸው መቃብር ማየት ነው። ወደ አንድ መንደር ስንቃረብ ዓይናቸው ቤቱን ትቶ መቃብሩን ይፈልጋል። አፈሩ ትኩስ የሆነ መቃብር ከበዛ እዚያ አናድርም። ሦስተኛው፣ ከብቶቹ የት እንደሚያድሩ እረኞቹን መጠየቅ ነው። «የአገሩ ሰው ከብቱን ከሚያሳድርበት በታች አትደር» ይሉ ነበር። እኔን ደግሞ ወደ ውኃ መቅጃ ይልኩኛል። ኦሮምኛ የሆለታ ልጅ ስለሆንኩ እችላለሁ። ወንዶቹ ለመንገደኛ የማይናገሩትን ሴቶቹ እንስራ እየሞሉ ይነግሩኛል፤ የት ጅብ እንደለመደ፣ የት ሽፍታ እንዳለ፣ ማን እንደታመመ። የሰማሁትን ለጋሽ ያሲን እነግራለሁ፤ እሳቸውም ሳይከራከሩ ይቀበሉኛል። ወንድ ሆኖ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ አላጋጠመኝም።

በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ሠራን። ያላወቀውን ፍሬ በልቶ ቀኑን ሙሉ ያስታወከ ቅጠል ለቃሚ ፈረንጅ ነበረን። ነብር አቆስሎ ጫካ ውስጥ ሊከተለው ሲል ልጓሙን ይዘን ያስቀረነው አዳኝም ነበር። ደግ እንግዳም አይቻለሁ፤ ሁሉንም አንድ ላይ አልረግምም። ደመወዙ ለጎጆ ይበቃል። አቶ ተክሌ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ለሚመጣው ሁሉ፣ «በእኔ እጅ የሄደ እንግዳ ሁሉ በሰላም ተመልሷል» ይላል። እውነት ነበር። የማን ሥራ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ሙሴ አንሪ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ ዝናቡ አቁሞ ሣሩ ገና እርጥብ እያለ። ሙሴ የምንለው ፈረንጁን ሁሉ ነው። ይኼኛው ረጅም፣ ቀይ ጢም ያለው፣ ሥዕል ማንሻ መሣሪያ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነበር። ጉማሬ ፎቶግራፍ ላንሳ ብሎ ወደ ጊቤ ወንዝ ሊወርድ ፈለገ። አስተርጓሚው ገብሬ የሚባል፣ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጣ ጨዋ ሰው ነው።

ጊቤን የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ አንድ ሕግ አለው፤ ቀን ይሻገራል፣ ወደ ላይ ዳገቱን ወጥቶ ያድራል። ለምን እንደሆነ የምናውቀው በእኛ ዘንድ የሚባለውን ነበር፤ ሲመሽ ከረግረጉ እንፋሎት ይነሳል፣ የተነፈሰው ሰው ንዳድ ይይዘዋል። ወንዙ ዳር ስንደርስ እንደ ልማዴ ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። ውኃ የምትቀዳ አንዲት እርጉዝ ሴት፣ «እዚህ ለማደር ነው የመጣችሁት? እኛ እርሻችን እዚህ ነው፣ አዳራችን ግን ላይ ነው። ዘንድሮ ንዳዱ ክፉ ነው፤ ሦስት ጎረቤቶቼን ቀብሬአለሁ» አለችኝ።

ለጋሽ ያሲን ነገርኳቸው። እሳቸውም ወደ ሙሴ ሄደው፣ «ጌታው፣ የአገሩ ሴት ዘንድሮ ንዳዱ ሦስት ጎረቤቶቿን ገደለ ትላለች፤ ድንኳናችንን ላይ እንትከል። ሳይነጋ በበቅሎ አወርድዎታለሁ፤ ጉማሬዎቹን አይተው ፀሐይ ሲጠልቅ እንወጣለን» አሉት።

ገብሬ ተረጎመ። ሙሴ ሳቀ። «ጉማሬ ከውኃ የሚወጣው ሲመሽና ሲነጋ ነው። እዚህ ካላደርኩ ለምን መጣሁ?» አለ። ጋሽ ያሲን ደግመው ለመኑት። በዚህ ጊዜ ሙሴ አልሳቀም፤ «ተክሌ እኔ በፈለግሁት ቦታ እንደምታድሩ ነግሮኛል። ካልሆነ ለእሱ እናገራለሁ» አለ።

ጋሽ ያሲን ወደ እኛ ተመልሰው ጫኞቹን ሰበሰቡ። «መሄድ የፈለገ ከበቅሎዎቹ ጋር ላይ ይውጣ። እኔ እንግዳ ጥዬ አልሄድም፤ አውሬ ቢበላው በእጄ የገባ ሰው ነው» አሉ። ጥቂቶቹ በቅሎዎቹን ይዘው ወጡ። ሌሎቻችን እሳቸውን ትተን መውጣት ከበደንና ቀረን።

አንድ ሌሊት የተባለው አንድ ሳምንት ሆነ። አንድ ቀን ብርሃኑ አላማረውም፣ በማግሥቱ ጉማሬዋ ጀርባዋን ሰጠችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በዝቶበት ልብሱን አውልቆ ሊታጠብ ወደ ውኃው ገባ። ጋሽ ያሲን ከሩቅ አዩት። በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ጎረምሳ ሮጠው፣ እስከ ጭናቸው ውኃ ውስጥ ገብተው፣ በክንዱ ጎትተው አወጡት። ሙሴ ተቆጥቶ እጁን ሊያነሳባቸው ሲል፣ እሱ ቆሞበት የነበረው ውኃ ተናወጠና አዞው ራሱን ብቅ አድርጎ ተመልሶ ሰጠመ። ሙሴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። በኋላ የጋሽ ያሲንን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ያን ቀን እንወጣለን ብዬ ነበር። አልወጣንም።

የሙሴ አልጋ አጎበር ነበረው፤ ስስ፣ ነጭ፣ እንደ ሙሽራ መጋረጃ። ማታ ማታ ዘርግቼ ጫፉን ከፍራሹ ሥር እወትፈዋለሁ፤ ጠዋት አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ዝንብ እንዳይነካው መስሎኝ ነበር። ጠዋት ከቁርሱ በፊት ደግሞ ከትንሽ ጠርሙስ ኪኒን አውጥቶ እኔ ባፈላሁት ውኃ ይውጣል። ፈረንጅ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ይውጣል ብለን አለፍነው። እኛ እሳቱን ከበን ቢምቢውን በነጠላችን እየመታን፣ በጠዋት እጃችንንና እግራችንን እያከክን እንነሳለን።

አዲስ አበባ ስንገባ ሁላችንም በእግራችን ነበርን። አቶ ተክሌ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሙሴን አቅፎ ተቀበለው። በሳምንቱ ሙሴ በባቡር ሲሄድ ጋሽ ያሲን አልጋ ላይ ነበሩ። ጥርሳቸው እስኪንቀጫቀጭ ይበርዳቸዋል፤ ቆይቶ እንደ ምጣድ ይግላሉ። ሚስታቸው እትዬ ሐዋ ሌት ተቀን አልተለዩአቸውም። መጨረሻ ላይ ሰው መለየት አቃታቸው። ለበቅሎዎቹ ሲናገሩ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ቁልቁለት ነው» ሲሉ አረፉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ከእኛ ጋር ወንዙ ዳር ካደሩት ጫኞች ሁለቱ ሞቱ። ላይ ከወጡት ማንም አልታመመም።

እኔንም ያዘኝ። ወንድሜ በቃሬዛ አሸክሞ ሐኪም ቤት አስገባኝ። ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገኝ ዓይኔን ብገልጥ፣ አንዲት አስታማሚ ከአልጋዬ በላይ ስስ ነጭ አጎበር ትዘረጋለች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የቢምቢ መከላከያ ነው እናቴ» አለችኝ። «ንዳድን ከሰው ወደ ሰው የምታመጣው ቢምቢ ናት። በዚህ ውስጥ የተኛ አይነከስም። ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ ይችን ኪኒን አስቀድሞ እየዋጠ ይወርዳል።» መዳፏን ስትዘረጋ ያቺው ነጭ ኪኒን ናት፤ በየጠዋቱ ውኃ ያፈላሁላት።

«ፈረንጆች ይህን ያውቃሉ?»

«እነሱ ናቸው ያስተማሩን።»

ያን ጊዜ ያለቀስኩት በኀዘን የመሰላት አስታማሚ ታባብለኝ ጀመር። ኀዘን አልነበረም። ሙሴ አንሪ አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ሴቲቱ ወንዝ ዳር ያለችኝን ሲሰማ የሳቀው ስላላመነ አልነበረም። ከእኛ ይልቅ እሱ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ያወቀውን ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ፣ በአጎበር ሸፍኖ ተኛ።

ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እትዬ ሐዋ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስፌታቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ያ ሰውዬ መረቡ ውስጥ ሆኖ ያሲንን ያየው ነበር?»

«ያያቸው ነበር» አልኳቸው። «መረቡ ስስ ነው።»

ስፌታቸውን አንስተው ቀጠሉ፤ እጃቸው ግን ስንደዶውን መሳት ጀመረ።

አቶ ተክሌ ሌላ እንግዳ ወደ አዋሽ ሊያወርድ ሲሰናዳ፣ ጫኞቹ በሱቁ ደጅ በቅሎ ይጭኑ ነበር። እንግዳዋ ሽበታም ሴት ናት፤ ገብሬ አጠገቧ ቆሟል። ገብቼ፣ «አቶ ተክሌ፣ ኪኒን ለሁሉም ሰው ካልተገዛ ይህ ጉዞ አይወጣም» አልኩት።

«የሺ፣ ገና አልዳንሽም መሰለኝ» አለ።

«ጋሽ ያሲን በምን ሞቱ?»

«ያሲን የሞተው ቤቱ ነው፤ አልጋው ላይ፣ ሚስቱ አጠገብ። በእኔ ጉዞ ላይ የሞተ ሰው የለም።»

ጫኞቹ ይሰሙ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ በጊቤው ጉዞ ወደ ላይ ከወጡት የነበረ፣ የያዘውን ሸክም ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ጎኑ ያለውም አስቀመጠ። ማንም አልጮኸም። ሁሉም ሸክሙን እያወረደ በቅሎዎቹ ባዶ ጀርባቸውን ቀሩ። አቶ ተክሌ ሊስቅ ሞከረ፤ ቀጥሎ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ገብሬን ጠየቀችው። ገብሬ አሳምሮ መዋሸት ይችል ነበር፤ ደመወዙ ከተክሌ ነው። አልዋሸም። እኔን እያየ፣ ከጊቤ እስከ መቃብሩ ያለውን ሁሉ ነገራት። ሴትዮዋ ጓንቷን አወለቀችና ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኪኒኑ እስኪመጣ አልሄድም አለች። በማግሥቱ መጣ። በዚያ ጉዞ ላይ በየጠዋቱ በእያንዳንዱ ሰው መዳፍ ላይ ኪኒኑን አስቀምጬ፣ እስኪውጠው ፊቱ ቆሜ አይ ነበር።

ድል አደረግን እንዳትሉ። በሚቀጥለው በጋ አቶ ተክሌ እኛን አመፀኞች ብሎ አባረረን፤ ገብሬንም ጭምር። ከገበያ ሥራ ፈላጊ ሰብስቦ፣ ስለ ቢምቢም ስለ ኪኒንም ያልሰሙ ደጋ አደጎችን ቀጠረ። ሱቁ በር ላይ ያችኑ ቃል መናገሩን አልተወም። እኔ ለነጋዴዎች እየተቀጠርኩ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ሠራሁ። የሚሰማኝ አለቃ ሲገኝ ላይ እናድራለን፤ የማይሰማ ከሆነ ከእሱ ጋር አልወጣም።

ከዓመታት በኋላ ሙሴ አንሪ ተመልሶ መጣ። ገብሬን ከየት እንዳገኘው አላውቅም፤ ይዞት ወደ ቤቴ መጣ። ጢሙ ሸብቷል። እንደ ዘመድ ፈገግ ብሎ ሰላም አለኝ፤ እንደገና ወደ ጊቤ ልውረድ፣ አንቺም ምግብ ሥሪልኝ አለ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ያ ባለ ጥምጥም ሽማግሌስ የት አሉ?» አለኝ።

«ሞቱ» አልኩት። «በጊቤው ንዳድ። አንተ ባቡር ላይ ሳለህ አልጋ ላይ ነበሩ።»

ፊቱ ተለወጠ። ማንም እንዳልነገረው ማለ። አመንኩት። ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

«ኪኒኑ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር እንበል» አልኩት። «ነገሩ ከቢምቢ መሆኑን ግን ለምን አልነገርከንም? ጭስ አጭሰን፣ ነጠላችንን ተሸፋፍነን እናድር ነበር። አንድ ቃል መናገር ምን ያደክም ነበር?»

ገብሬ ተረጎመ። ሙሴ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ «አልጠየቃችሁኝም» አለ።

«ጋሽ ያሲን ከአዞው ሲያወጡህ ጠይቀሃቸው ነበር?»

ገብሬ ይህንንም ተረጎመ። ሙሴ ባርኔጣውን ሳያጠልቅ ወጣ። ወደ ጊቤ መውረዱን ትቶ በመጣበት መንገድ መሄዱን ሰማሁ። በሌላ ቀን ገብሬ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ኪኒን ሞልቶበታል። የተላከ ቃል አልነበረውም።

ቆርቆሮውን እንዳለ ይዤ እትዬ ሐዋ ቤት ሄድኩ። «ቀበና ወንዝ ልጥለው ነው» አልኳቸው። «የሳቸው ደም ዋጋ ይመስለኛል።»

እትዬ ሐዋ ክዳኑን ከፍተው አንዷን ኪኒን በጣታቸው አገላበጧት። «መድኃኒቱ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «ሰው አይሄድም እንዴ ወደ ቆላ?»

በዚያው ሰሞን የአቶ ተክሌ አዳዲስ ጫኞች ወደ ጊቤ ሊወርዱ ነበር። እኔና እትዬ ሐዋ ከከተማው መውጫ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። ለእያንዳንዱ እየቆጠርን በጨርቅ ቋጥረን ሰጠን፤ እንዴት እንደሚዋጥ፣ ማታም እንዴት ከወንዙ ርቀው እንደሚያድሩ ነገርናቸው። አለቃቸው ሊቆጣ ጀምሮ የእትዬ ሐዋን ፊት ሲያይ ገለል አለልን። አንዳንዶቹ የዕብድ ሥራ መስሏቸው ሳቁብን፤ ግን ተቀበሉ።

ሲመለሱ በእትዬ ሐዋ አጥር በኩል አለፉ። አቧራ ለብሰዋል፣ ተርበዋል፣ እርስ በርስ ይቃለዳሉ። አንዱ እንዲያውም ይዘፍናል። በቀጣዮቹ ሳምንታት በየቤታቸው እየዞርኩ ጠየቅሁ። የታመመ የለም። እትዬ ሐዋ አልሐምዱሊላህ አሉ። እኔ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ኖሯል፤ በጨርቅ የሚቋጠር። በሕይወቴ ሙሉ ያን ዕለት የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም።